ሠራተኛን በለውጥ ማሳተፍ ማለት ምንድን ነው?

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሪፎርም ሊመጣ ነው» ከተባለ መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው ሥራው ነው። የሻይ ሰዓት ይረዝማል። ኮሪደር ላይ «ድልድሉ መቼ ነው የሚወጣው?» ከማለት ሌላ ወሬ የለም። አለቆች ደግሞ ሠራተኛውን ለማነቃቃት አዳራሽ ይከራያሉ፣ አሰልጣኝ ይጠራሉ፣ ቲሸርት ያሳትማሉ። በማግስቱ ሁሉም ወደ ድልድሉ ወሬ ይመለሳል።

ማሳተፍ ይሄ አይደለም። ሥራው እንዴት እንደሚለወጥ ሲወሰን፣ ሥራውን የሚሠራው ሰው አብሮ ሲወስን ነው ተሳተፈ የሚባለው። ነገሩ ካለቀ በኋላ ሰብስቦ «አስተያየት ካላችሁ» ማለት ማሳወቅ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የታየው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሃርውድ በሚባል የፒጃማ ፋብሪካ በተደረገ ሙከራ ነው። ክፍያው በሠሩት ልክ ነው፤ የሚጠበቀውም በሰዓት 60 አሃድ ነበር፤ አንድ አሃድ ማለት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ቡድን ያሉት ፒጃማ ተኳሾች የተኮሱትን በግማሽ ደርዘን እያደረጉ ካርቶን ላይ ይደረድሩ ነበር። ከእንግዲህ ሳጥን ውስጥ ደርድሩ ተባሉ። ሳጥኑም የተቀመጠው ካርቶኑ የነበረበት ቦታ ነው። ለውጡ ይኸው ነው! ተሰብስበው ምክንያቱ ተነገራቸው፣ አዲሱ የክፍያ ሒሳብ ተብራራላቸው፣ ጥያቄያቸውም ተመለሰ። ሥራው ግን 50 አካባቢ ተገትሮ ቀረ። በ40 ቀን ውስጥ 17 በመቶዎቹ ለቀው ሄዱ።

ሌሎች ቡድኖች ላይ አካሄዱ ተቀየረ። ሁለት አንድ ዓይነት ፒጃማ አምጥተው «አንዱ በሌላው እጥፍ ዋጋ ነው የተሸጠው፤ ርካሹ የቱ ነው?» አሏቸው። የለየ የለም። ወጪ መቀነስ ለምን እንዳስፈለገ በዚሁ ገባቸው። ከዚያ አዲሱን አሠራር ራሳቸው እንዲነድፉ ተደረገ። ሐሳቡ ከመጉረፉ የተነሣ ቃለ ጉባኤ ያዡ መጻፍ አቃተው። ሁሉም በተሳተፉባቸው ቡድኖች ምርቱ ትንሽ ወርዶ ወዲያው ተነሣ፤ ከቀድሞውም 14 በመቶ ገደማ በለጠ። የለቀቀም አልነበረም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ከመጀመሪያው ቡድን የቀሩት ሠራተኞች ከወራት በኋላ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወሩ እነሱም እንዲሁ ተሳተፉ። ቶሎ አገገሙ። ሰዎቹ እኮ ያው ናቸው፤ «ለውጥ አይወዱም» ሊባሉ የነበሩት።

እኛ አገር ካይዘን የሚባለው የጃፓን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ሲገባም ሐሳቡ ይሄው ነበር፤ ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሰው መፍትሔ ያመንጭ ነው የሚለው። ስንት ቦታ ግን ወለሉ ላይ የተቀባው መስመርና ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ብቻ ቀረ።

አንድ ነገር ግን አለ። የሠራተኛ ቅነሳ ተወስኖ ካለቀ በኋላ «እስቲ ሐሳብ ስጡ» ማለት ሰውን መናቅ ነው። ያኔ ቁርጡን መንገር ይሻላል፦ ማን፣ መቼ፣ በምን ካሣ። ከዚያ በእውነት ገና ያልተወሰነውን፣ ለምሳሌ የፈረቃ አመዳደቡን፣ የሥራ ርክክቡን ወይም የሥልጠናውን ጊዜ፣ ለሠራተኛው መተው።