«ትንሽ ቢራመዱ ምን አለበት?» እና ስለ ገጠር ትምህርት ቤት የሚነገሩ ሌሎች ስህተቶች

አሥራ አንድ ዓመት ገጠር አስተምሬአለሁ፤ ከዚያም በሱፐርቫይዘርነት ከጎጥ ጎጥ በእግሬ ዞሬአለሁ። በየስብሰባው የማትቀር አንዲት ንግግር አለች፦ «ይህች ትምህርት ቤት ስልሳ ልጅ ይዛ ምን ትሠራለች? ተዘግታ ከትልቁ፣ ከዋናው ትምህርት ቤት ጋር ትዋሃድ።» መልሱን በቃል መደጋገም ሰልችቶኛልና ልጻፈው።

«ገበሬ ልጁን ማስተማር አይፈልግም።» የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ በመላ አገሪቱ አንደኛ ደረጃ የሚማረው ልጅ 3 ሚሊዮን አይሞላም ነበር። ክፍያው ቀርቶ ትምህርት ቤቱ ወደ ቀበሌው ሲጠጋ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ቁጥሩ ከ15 ሚሊዮን አለፈ። ያ ሁሉ ልጅ የከተማ ልጅ ነው?

«ሕንፃው የመንግሥት ነው፤ መዝጋቱም የወረዳው ሥልጣን ነው።» ባሕር ዛፉን የቆረጠው፣ ጭቃውን የረገጠው፣ የቆርቆሮ መግዣ ያዋጣው ማን ሆነና?

«አንድ መምህር ሁለት ክፍል አንድ ላይ ካስተማረ ትምህርት የለም።» ይህን ከሚሉኝ ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት የኔታ ዘንድ ነው። እዚያ አንዱ ሀ ሁ ይላል፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊት የደረሰው ጀማሪውን ያስቆጥራል። ኮሎምቢያም ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በገጠር ትምህርት ቤቶቿ ልጁ በራሱ ፍጥነት የሚሄድበትን መማሪያ አዘጋጅታ የተለያዩ ክፍሎችን አንድ ላይ ታስተምራለች። ጥፋቱ ሳያሠለጥኑ መምህሩ ላይ መጫኑ ነው።

«ትንሽ ቢራመዱ ምን አለበት?» እኔን የሚያንገበግበኝ ይህኛው ነው። ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ነው። መስከረም ላይ ወንዙ ገና አልጎደለም፣ መንገዱ ማጥ ነው። አዋቂ በአርባ ደቂቃ የሚዘልቀው መንገድ የሰባት ዓመት ልጅን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ መመለሱም ምሳ ሳይቀምስ ነው።

እስከ 4ኛ ክፍል የምታስተምር አንዲት ሳተላይት ትምህርት ቤት፣ ማለትም ጎጥ ውስጥ ያለች የዋናው ትምህርት ቤት ቅርንጫፍ፣ ተዘግታ ልጆቿ ከወንዝ ማዶ ተመደቡ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ተዛውረዋል። ጥቅምት ላይ የስም መጥሪያውን ይዤ ቤት ለቤት ስዞር የ1ኛ ክፍሎቹን አብዛኞቹን እቤታቸው አገኘኋቸው። «ትንሽ እግራቸው ይጥና፣ የከርሞ ሰው ይበለን» አሉኝ እናቶቻቸው። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ የ3ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ታናሽ ወንድሟን ብቻውን ወንዝ አላሻግርም ብላ አብራው ቀርታለች። ቅጹ ላይ ምን ተብሎ ተጻፈ? «አቋርጣለች፤ ምክንያት፦ የወላጅ የግንዛቤ ማነስ።» እኔም ፈርሜበታለሁ። ፊርማዬን ባስታወስኩ ቁጥር ያመኛል።

ቻይና በዚህ መንገድ ሄዳ አይታዋለች። ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመንደር ትምህርት ቤቶችን በብዛት ዘጋች፤ የልጆቹ መንገድ ረዘመ፣ ገና በጨቅላነታቸው አዳሪ የሆኑም በዙ። በ2012 በጭፍን መዝጋቱ ይቁም ያለው የራሷ መንግሥት ነው።

አሁን ደግሞ «አዲሱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ 6ኛ ክፍል ስላደረገው እስከ 4ኛ የሚያስተምረው ይታጠፍ» የሚል መጥቷል። ምን አገናኘው? ታችኞቹን ክፍሎች ጎጣቸው ላይ ተዉአቸው፤ 5ኛ ሲደርሱ እግራቸው ጠንክሮ ወደ ዋናው ይሻገራሉ። የሁለቱን ትምህርት ቤቶች አስተዳደር አንድ አድርጉት፤ የዋናው ርዕሰ መምህር እየሄደ ይከታተል፣ መጽሐፍና ጠመኔ ከዚያው ይውጣ። ለመምህሩ ማደሪያ ሥሩለት፤ ከተማ እያደረ የሚመላለስ መምህር ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይቀራል። ወላጆችንም ሰብስባችሁ ጠይቁ፣ ከውሳኔው በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም መዝጋት አለብን የሚል ኃላፊ ካለ፣ መስከረም በሁለተኛው ሳምንት ጎጡ ውስጥ ይደርና ጠዋት ከአንድ የ1ኛ ክፍል ልጅ ጋር በልጁ እርምጃ ወንዙን ይሻገር። ከሰዓትም አብሮት ይመለስ።