ከሰፈር ምክር ቤት እስከ ቤተ መንግሥት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ አካባቢ ተመራጮች የፖለቲካ ጉዞ ብዙ ይወራል። ብዙው ግን ሲፈተሽ አይቆምም። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

"አንዴ ከተመረጡ ጉዞው ወደ ላይ ብቻ ነው"

ጆን ሜጀርን እንይ። በ1968 በለንደን የላምቤት ምክር ቤት ገቡ። በ1971 ተሸንፈው ወጡ። በ1974 ሁለት ጊዜ ለፓርላማ ተወዳደሩ፣ ሁለቴም ወደቁ። ፓርላማ የገቡት በ1979 ነው። በ1990 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ቴሬዛ ሜይም በለንደን የመርተን ምክር ቤት ተመራጭ ሆነው የጀመሩ ናቸው፤ በ1992 እና በ1994 ለፓርላማ ተወዳድረው አልቀናቸውም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፓርቲዎች ጀማሪውን ብዙ ጊዜ ማሸነፍ በማይችልበት ቦታ ያሰልፉታል። አቅሙን ለማየት።

"እሺ፣ ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል"

ሁሌም አይደለም። ጆ ባይደን በ1970 በደላዌር ለካውንቲ ምክር ቤት ተመረጡ። በ1972 ለሴኔት አሸነፉ። በምርጫው ዕለት ገና 29 ዓመታቸው ነበር፤ ሕጉ የሚጠይቀውን 30 የሞሉት ቃለ መሐላው ሳይደርስ ነው።

"የምክር ቤት ሥራ ቆሻሻና ቦይ ነው፤ ፖለቲካ ያለው ላይ ነው"

ይቺን ስሰማ ግን ያናድደኛል። በለንደን ፖፕላር የሚባል የድሆች ሰፈር ነበር። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ችግረኛ በራሱ ግብር ይርዳ ነበር የሚባለው። ችግረኛ የበዛበት ድሃ ሰፈር ሸክሙ ከሀብታሙ ይከብድበታል ማለት ነው። በ1921 ጆርጅ ላንስበሪና የምክር ቤት ጓዶቻቸው ለለንደን አቀፍ መሥሪያ ቤቶች የሚሄደውን ግብር አንሰበስብም ብለው እምቢ አሉ። 30 ተመራጮች ታሰሩ። ስብሰባቸውን እስር ቤት ውስጥ ቀጠሉ! በመጨረሻ መንግሥት ሕጉን ለወጠ፤ ሀብታሞቹ ሰፈሮች ወጪውን እንዲጋሩ ሆነ። አዲስ የፓርላማ አባል ይህን ያህል ሊያደርግ ይቅርና ብዙውን ጊዜ ፓርቲው ያለውን ደግፎ ድምፅ ይሰጣል። ላንስበሪ በ1932 የሌበር ፓርቲ መሪ ሆኑ። በ1935 የተተኳቸው ክሌመንት አትሊም የጎረቤቱ የስቴፕኒ ከንቲባ የነበሩ ናቸው።

"ሰፈሩን ያሳመረ አገርም ያሳምራል"

ግማሽ እውነት አለው። ኔቪል ቻምበርሊን የበርሚንግሃም ከንቲባ ሆነው ከተማዋ የራሷ ቁጠባ ባንክ እንዲኖራት አደረጉ። በ1920ዎቹም የጤና ሚኒስትር ሆነው በቤቶችና በጡረታ ጉዳይ ብዙ ሠሩ። ኮሚቴና ሰነድ ይችሉበታል። በ1938 ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሙኒክ ላይ ከፊታቸው የተቀመጠው ሂትለር ነበር። የቼኮዝሎቫኪያን ከፊል ግዛት ለጀርመን የሚሰጠውን ስምምነት ፈረሙ። ስድስት ወር ሳይሞላ የጀርመን ጦር ዋና ከተማዋን ፕራግን ያዘ።