የኪቦርድ ሾርትከት በሐዋሳ ጽሑፍ ቤቶች

የኪቦርድ ሾርትከት የሚባለው ማውስ ሳይነኩ፣ ሜኑ ሳይከፍቱ ሁለት ሶስት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ ኮምፒውተርን ማዘዝ ነው። አቋራጭ ቁልፍ ብለው የሚተረጉሙት አሉ፣ ሐዋሳ ውስጥ ግን አንድም ሰው እንደዛ ሲል ሰምቼ አላውቅም፣ ሁሉም ሾርትከት ነው የሚለው። ችግሩ ቃሉ እኛ ጋ ሁለት ትርጉም አለው፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ ሾርትከት ካላችሁ ሰዉ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ፍላሽ ላይ የሚወጣው ቫይረስ ነው፣ ያ ፋይላችሁን በሙሉ ደብቆ በቦታው ቀስት ያለባት አይከን የሚያስቀምጠው። ይሄ ጽሑፍ ስለሱ አይደለም፣ መጨረሻ አካባቢ ግን ብቅ ይላል።

ነገሩ በደንብ የሚታየው ጽሑፍ ቤቶች ውስጥ ነው። ፒያሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ፣ "ኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን" የሚል ታፔላ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ውስጡ አንድ ዴስክቶፕ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አግዳሚው ላይ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ ሲቪ የሚያሰራ፣ አሳይመንት የሚያስተይብ ተራውን ይጠብቃል። ክፍያው በገጽ ስለሆነ ጸሐፊዋ በቀን ስንት ገጽ ጨረሰች የሚለው ነው ገቢዋ። ማሰልጠኛ ላይ ቤዚክ ኮምፒውተር ሲያስተምሩ ግን "እዚህ ጋ ክሊክ አድርጉ፣ አሁን እዚህ ጋ" ነው፣ ሰርተፍኬቱን ይዞ የመጣው ልጅ አንድ መስመር ኮፒ ለማድረግ ራይት ክሊክ ሲያደርግ ታዩታላችሁ። ሾርትከቱን የሚለምደው ስራ ከገባ በኋላ ከጎኑ የተቀመጠችውን ልጅ እጅ እያየ ነው፣ ልክ እንጀራ መጋገር እንደሚለመደው፣ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ የለም። "ምን አድርገሽ ነው?" ሲላት ደግማ ታሳየዋለች። አንዷን ምን ምን ሾርትከት እንደምትጠቀም ጠይቄያት ኪቦርድ ካልያዝኩ አይመጣልኝም አለችኝ፣ እጇን አየር ላይ ዘርግታ ጣቷን ስታንቀሳቅስ ነው "ኮንትሮል... ኤች መሰለኝ" ያለችኝ።

ታሪኩን በአጭሩ ልንካው፣ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። ኮፒ፣ ካት፣ ፔስት የሚባለውን አሰራር ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ፓርክ ላብራቶሪ ላሪ ቴስለር ከቲም ሞት ጋር ሆኖ በ1970ዎቹ አጋማሽ ጂፕሲ በሚባል የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ ሰራው። ስሙም ድሮ ኤዲተሮች ወረቀት በመቀስ ቆርጠው በሙጫ ሌላ ቦታ ይለጥፉ ከነበረው ነው የመጣው። ቴስለር በኋላ አፕል ገባ፣ በ1983 የወጣችው ሊዛ የምትባለው ኮምፒውተር ላይ ኤክስ ለካት፣ ሲ ለኮፒ፣ ቪ ለፔስት፣ ዜድ ደግሞ የሰሩትን መልሶ ለማጥፋት (አንዱ) ተመደቡ፣ አራቱም ኪቦርዱ ታችኛው ረድፍ ላይ ተከታትለው ስለተቀመጡ ግራ እጅ ብቻውን ይጨርሰዋል። ሰውዬው በ2020 አረፈ። ኮንትሮል አልት ዲሊት ደግሞ የዴቪድ ብራድሌይ ነው፣ በ1981 የወጣውን የአይቢኤም ፒሲ ከሰሩት ኢንጂነሮች አንዱ። መጀመሪያ ያሰበው ኮንትሮል አልት ኢስኬፕ ነበር፣ ግን ሶስቱም በግራ እጅ በስህተት ሊነኩ ስለሚችሉና ማሽኑ ድንገት ሪስታርት ስለሚያደርግ ሆን ተብሎ ሁለት እጅ የሚጠይቅ ተደረገ።

ከዚሁ ታሪክ እኛ ጋ ጥቅም ያለው አንድ ትርፍራፊ አለ። ዊንዶውስ ኮንትሮል ሲ እና ቪን ከመውሰዱ በፊት ኮፒ ማድረጊያው ኮንትሮል ኢንሰርት፣ ፔስት ማድረጊያው ሺፍት ኢንሰርት፣ ካት ማድረጊያው ሺፍት ዲሊት ነበር፣ አሁንም አብዛኛው ፕሮግራም ላይ ይሰራሉ። የሲ ቁልፏ የተነቀለች ወይ ሻይ የፈሰሰባት ኪቦርድ ያልገጠመው ሰው ይሄ ለምን እንደሚጠቅም ላይገባው ይችላል።

በእርግጥ ጊዜ ይቆጥባል ወይ? በ1980 ካርድ፣ ሞራንና ኒውዌል የሚባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ስሌት መሰረት እጅን ከኪቦርድ ወደ ማውስ ማዞር 0.4 ሰከንድ አካባቢ፣ ማውሱን የተፈለገው ቦታ ማድረስ 1.1 ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል፣ አንድ ቁልፍ መጫን ግን ደህና ለሚጽፍ ሰው 0.2 ነው። ከዛ ደግሞ እጅ ወደ ኪቦርድ ይመለሳል፣ ሌላ 0.4። ግን እዛው ስሌት ውስጥ ሰው ለማሰብ የሚቆምበት 1.35 ሰከንድም አለ፣ እና ሾርትከቱን "ምን ነበር?" እያለ የሚያስብ ሰው ያተረፈውን እዛው ይጨርሰዋል። አፕል ይሰራ የነበረው ብሩስ ቶኛዚኒ እንደውም ሰው በኪቦርድ የፈጠነ ይመስለዋል እንጂ ሰዓት ተይዞ ሲለካ ማውስ ይፈጥናል ብሎ ብዙ ሰው አናዷል። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ፣ ጣት የለመደው ሾርትከት ይፈጥናል፣ ጭንቅላት የሚያስታውሰው አይፈጥንም። ለዛ ነው ቴሌግራም ላይ የሚዞረው "100 ሾርትከቶች" የሚባለው ዝርዝር ሴቭ ተደርጎ የሚቀረው፣ ጽሑፍ ቤት ያሉት ልጆች ቢበዛ አስራ አምስት ነው የሚጠቀሙት፣ እሷን ግን ሳያዩ ነው።

ከአስራ አምስቱ አንደኛዋ ሴቭ ማድረጊያዋ ኮንትሮል ኤስ ናት፣ ምክንያቱ ደግሞ መብራት ነው። ዎርድ ከተበላሸ ነገር የሚያተርፍበት አውቶሪከቨር የሚባል አሰራር አለው፣ ግን ካልቀየራችሁት በየ10 ደቂቃው ነው የሚይዘው፣ 10 ደቂቃ ማለት ፈጣን ጸሐፊ ጋ አንድ ገጽ ሊሆን ይችላል። ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለትንሽ ጊዜ የሚይዝ ባትሪ፣ ያለው ቤት ጥቂት ነው፣ ያለውም ባትሪው ደክሞ ጢጥ ጢጥ ብሎ ዝም ይላል። አንድ ቀን አቶቴ በኩል አንዲት ልጅ ጋ ተራ ስጠብቅ ለአንድ አዛውንት የይግባኝ ማመልከቻ እየጻፈች መብራት ጥርግ አለ። አባባ ከአግዳሚው ተነሱ፣ "ልጄ፣ ጠፋ እንዴ ያ ሁሉ?" "ኧረ አልጠፋም አባባ፣ ይቀመጡ፣ ሲመጣ 'ስለሆነም' ከምትለዋ እንቀጥላለን።" መብራቱ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ መጣ፣ ተከፈተ፣ እውነትም የመጨረሻዋ ቃል "ስለሆነም" ናት። ሚስጥሩን ሳይ አራት ነጥብ በጻፈች ቁጥር የግራ እጇ ትንሿ ጣት ኮንትሮል ላይ ነች፣ ነጠላ ሰረዝም ላይ አንዳንዴ። ሌላው ብልሃቷ ባዶውን ገጽ ገና ምንም ሳትጽፍበት ኤፍ 12 ተጭና የባለጉዳዩን ስም ሰጥታ ሴቭ ማድረጓ ነው፣ ምክንያቱም ስም ያልተሰጠው ፋይል ላይ ኮንትሮል ኤስ ስትሉ ስም ስጡኝ ብሎ መስኮት ይከፍትና ስራ ያቋርጣል፣ ሰው ደግሞ እሱን ሽሽት "በኋላ" ይላል። እኔ የመመረቂያ ፕሮፖዛሌን ግማሽ በዚች "በኋላ" ነው ያጣሁት።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ቋንቋ መቀየር ነው፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ይሄን ችግር አያውቀውም። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ላይ አማርኛ፣ ሲዳምኛና እንግሊዝኛ አብረው ሊመጡ ይችላሉ፣ ሲዳምኛ በላቲን ፊደል አማርኛ በግዕዝ ፊደል ስለሚጻፍ ጸሐፊዋ ባንድ ገጽ ላይ ደጋግማ ትቀያይራለች። ዊንዶውስ ላይ ዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ፣ ወይ አልትና ሺፍት ይቀይራሉ። የአማርኛ አጻጻፉ በድምጽ ከሆነ ደግሞ ሺፍት ስራ ይበዛበታል፣ ኪይማን በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ላይ ባለው የአማርኛ ኪቦርድ ለምሳሌ ትንሹ ቲ "ት" ሲሆን ትልቁ ቲ "ጥ" ነው፣ ትንሹ ሲ "ች" ትልቁ ሲ "ጭ"። እና ጣት ሺፍት ላይ ሲመላለስ ሳይታወቅ አልትን ይነካል፣ ቋንቋው ይቀየራል፣ ጸሐፊዋ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ስለሆነ ቀና ስትል ሁለት መስመር ላቲን ዝባዝንኬ ታያለች። "ኮምፒውተሩ አበደ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። መፍትሄው አልት ሺፍቱን ከሴቲንግ አጥፍቶ ዊንዶውስ ስፔስን ብቻ ማስቀረት ነው፣ እሱ በስህተት አይነካም።

አማርኛ ኪቦርድ ያልተጫነበት ማሽን ላይ ከተቀመጣችሁ ዎርድ ውስጥ አንድ ተዓምር የምትመስል ነገር አለች። 1200 ብላችሁ ጻፉና አልት ኤክስ ተጫኑ፣ ቁጥሩ ጠፍቶ ሀ ይሆናል። 1362 ከሆነ አራት ነጥብ ነው። የግዕዝ ፊደል በፈረንጅ 1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የቁጥር መዝገብ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ስለተሰጠው ነው። ማመልከቻ አይጻፍበትም እርግጥ፣ ግን የጎደለች አንዲት ፊደል ለመሙላት ይበቃል። በተቃራኒው ሺፍት ኤፍ 3 የምትባለው፣ ትንሹን ፊደል ትልቅ ትልቁን ትንሽ የምታደርገው፣ ለአማርኛ ምንም አትሰራም፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንማ።

ኮንትሮል ኤፍ እና ኮንትሮል ኤች፣ ማለትም መፈለግና መተካት፣ አማርኛ ላይ ሲመጡ ሌላ ታሪክ ናቸው። ኮምፒውተሩ ጸ እና ፀ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ለኛ አንድ ድምጽ መሆናቸውን አያውቅም፣ "ፀሐይ" ብሎ የፈለገ ሰው "ጸሀይ" ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፣ ሰነዱ ውስጥ የለም ብሎ ይሄዳል። አንድ ጽሑፍ ሶስት ሰው ተካፍሎ ጽፎት ከሆነ የአንዱ ሰው ስም በሶስት አይነት ፊደል ይመጣል፣ ለፍርድ ቤት በሚሄድ ወረቀት ላይ ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም። ኮንትሮል ኤች ተጭኖ ፀን በጸ መተካት ይቻላል፣ ግን ፀ ብቻ ነው የሚተካው፣ ፁ፣ ፂ፣ ፃ እያሉ ሰባቱንም በየተራ መሄድ ግድ ነው። ከሁሉም የምወደው አጠቃቀም ግን የሁለት ነጥቡ ነው፣ ብዙ ሰው አራት ነጥብን የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለቴ መትቶ ነው የሚሰራው፣ ፕሪንት ሲደረግ ነጥቦቹ ይራራቃሉ ወይም መስመር ጫፍ ላይ አስቀያሚ ሆነው ይቀመጣሉ። ከላይ :: ከታች ። ጽፎ "ሪፕሌስ ኦል" ማለት ነው፣ አርባ ገጽ አንድ ጊዜ ይጸዳል። ባለጉዳዩ ይሄን ሲያይ ለአርባ ገጹ የከፈለው ብር ትንሽ ይቆጨዋል መሰለኝ።

ኤክሴል ላይ ለሱቅና ለመጋዘን መዝገብ የሚጠቅሙት አልት እኩል ይሆናል ለድምር፣ ኮንትሮል ዲ ከላይ ያለውን ወደታች ለመድገም፣ ኤፍ 2 ሴሉን ከፍቶ ለማረም ናቸው። ኮንትሮልና ሴሚኮለኗ (;) ደግሞ የዛሬን ቀን ትጽፋለች፣ ግን የፈረንጁን ነው፣ በኛ መስከረም 1 ቀን 2017 ላይ ቢጫኗት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነበር የምትለው። ሺፍት ሲጨመርበት ሰዓት ይጽፋል፣ እሱም በፈረንጅ ነው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን 9 ይላል። ሁለቱን አቆጣጠር ያደባለቀ መዝገብ አይቻለሁ፣ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት የተሸጠ ይመስላል።

የቀሩት በየቀኑ የሚነኩ ናቸው። አልት ታብ ከመስኮት መስኮት፣ ዊንዶውስ ዲ ሁሉንም አውርዶ ዴስክቶፕ፣ ዊንዶውስ ኤል አለቃ ሳይመጣ ስክሪን መቆለፊያ። ኮንትሮል ሺፍት ቲ ብሮውዘር ላይ በስህተት የተዘጋ ታብ ይመልሳል። ዊንዶውስ ሺፍት ኤስ ከስክሪን ላይ የፈለጉትን ቆርጦ ያነሳል፣ አሁንም ስክሪን በስልክ ፎቶ የሚያነሳ ስላለ ነው የምጽፈው። ዊንዶውስ ቪ በፈረንጅ 2018 ነው ዊንዶውስ 10 ላይ የመጣው፣ ኮፒ ያደረጋችሁትን የመጨረሻውን ብቻ ሳይሆን እስከ 25 ነገር ይይዛል፣ አንዴ "ተርን ኦን" ማለት ያስፈልጋል። የሰው ማሽን ላይ ግን አስቡበት፣ ኮፒ ያደረጋችሁት ፓስወርድም እዛው ዝርዝር ውስጥ ይቀመጣል።

ላፕቶፕ ላይ ኤፍ 2 ሲባል የስክሪን ብርሃን የሚቀንስባቸው አሉ፣ ኤፍኤን የምትለዋን አብሮ መያዝ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩት ደግሞ ተርሚናል ላይ፣ ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ማለት ነው፣ ኮፒ አደርጋለሁ ብለው ኮንትሮል ሲ ሲጫኑ የሚሰራውን ፕሮግራም ያቆሙታል፣ እዛ ትርጉሙ "አቁም" ነው፣ ኮፒውና ፔስቱ ሺፍት ይጨመርበታል።

ወደ ቫይረሱ። ዩኒቨርሲቲ በር ላይ አንድ ተማሪ ፍላሹን ለጸሐፊዋ ሰጣት፣ ውስጡ ባለ ቀስት አይከን ብቻ፣ አሳይመንቱ ጠፍቷል፣ ፊቱ ልቅሶ ቤት የመጣ ይመስላል። ዊንዶውስ አር ተጫነች፣ ሲኤምዲ ብላ ኢንተር፣ ጥቁሩ መስኮት መጣ፣ አትሪብ የምትባለዋን ትዕዛዝ ጻፈች፣ የተደበቀ ፋይልን የምትገልጠዋ ናት፣ ቫይረሱን አትገድልም። ኢንተር። ዊንዶውስ ኢ ብላ ፍላሹን ከፈተችው፣ ፋይሎቹ ተደርድረዋል። "ወንድሜ፣ ቤት ስትሄድ በአንቲቫይረስ አስፈትሸው፣ አሁን ስንት ኮፒ ልበልልህ?" ልጁ መልስ አልሰጣትም፣ ማውሱን ነው የሚያየው፣ ማውሱ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም።