ዊኪፒዲያ ላይ ለመግባት ሀብት ብቻውን ለምን አይበቃም?

አንዲት ነጋዴ ፋብሪካ አላት፣ ስንት ሰው ቀጥራ ታሠራለች፣ ታዲያ ስለሷ የተጻፈው ገጽ ለምን ይሰረዛል? ብዙ ሰው ንቀት ይመስለዋል። አይደለም። የሚጠየቀው ከሷ ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌላቸው ታማኝ ምንጮች ስለሷ በሰፊው ጽፈዋል ወይ የሚለው ነው። የድርጅቷ ድረ ገጽ፣ ለጋዜጠኞች የተበተነ መግለጫ፣ ከፍላ ያሳተመችው ጽሑፍ፣ ስሟ በአንድ መስመር ብቻ የተነሳበት ዜና አይቆጠሩም። ቃለ መጠይቅም እምብዛም አያግዝም፤ እዚያ ስለ ራሷ የምትናገረው ራሷ ናትና።

ሚዛናዊነት ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሰው ይበልጥ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ምስጋናና ወቀሳን እኩል ለእኩል ማካፈል ማለት አይደለም። ምንጮቹ ብዙ ያሉለት ነገር ብዙ ቦታ ያገኛል፣ በቃ። አሜሪካዊቷን ነጋዴ ኤልዛቤት ሆምስን ውሰዱ። በ2003 እ.ኤ.አ. ቴራኖስ የተባለውን የደም ምርመራ ድርጅት አቋቋመች፣ በቢሊየነርነቷም ብዙ ተወራላት፤ በ2015 ግን ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ የደም ምርመራ መሣሪያዋ እንደተባለው እንደማይሠራ አጋለጠ፣ በ2022 ደግሞ ባለሀብቶችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች። የሷ ገጽ በዚህ ቢሞላ ሚዛኑን አልሳተም። አንዴ ተከሳ ነፃ የወጣች ነጋዴ ገጽ ግማሹ ስለ ክሱ ቢሆን ግን ግልጽ በደል ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ አገር ቤት ያሉት ሴቶች ናቸው። ሥራቸው ትልቅ ሆኖ በደንብ የጻፈላቸው ጋዜጠኛ ከሌለ ደንቡ ያስቀራቸዋል። ዘመድ ወይም ተቀጣሪ ከሆናችሁ ገጹን ራሳችሁ አትጻፉ፣ ከገጹ ጋር በተያያዘው፣ አዘጋጆች በሚመካከሩበት የውይይት ገጽ ላይ ዝምድናችሁን ገልጻችሁ ምንጮቹን አቅርቡ። ተከፍሎት የሚጽፍ ሰውማ ማን እንደከፈለው የመናገር ግዴታ አለበት።