ጨዋና ጠይብ በጎንደር

በጎንደርና በዙሪያዋ ባለው ገጠር "ጨዋ" ሲባል የኖረው ርስት ያለው አራሽ ሲሆን፣ "ጠይብ" የተባሉት ደግሞ ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ ፋቂው፣ ሸማኔውና አዝማሪውም ከዚሁ ንቀት አላመለጡም። ሙያው ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርድ ነበር፤ ጋብቻውም በአብዛኛው ከሙያተኞቹ ክበብ አይወጣም ነበር። "ጠይብ" የመጣው "ጠቢብ" ከሚለው ቃል መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ የጥበብ መጠሪያ ለስድብ መዋሉ ያስቆጫል።

የልዩነቱ ሥር መሬት ነው። የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ የርስት መብቱን በመነጠቁ ኑሮውን በብረት፣ በሸክላና በግንበኝነት ላይ መሠረተ፤ በነገሥታቱ ከተማ ግንባታም ተካፍሏል፤ መኖሪያው ግን ካይላ ሜዳን በመሰለ የተለየ ሰፈር ነበር። አብዛኛው የማኅበረሰቡ አባል በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከሄደ በኋላ፣ ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃ ሸክላ የሚሠሩት በአብዛኛው ክርስቲያን ሴቶች ናቸው።

ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል፤ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስት አልባውን የመሬት ተጠቃሚ አድርጓል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25ም በማኅበራዊ አመጣጥ ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ገበታውና ጋብቻው ግን ከአዋጁ ኋላ ቀርተዋል።

ገበያ ላይ አንዲት እናት ምጣድ ስትገዛ አንሥታ በጣቷ ታንኳኳዋለች፤ ድምፁ ካልተሰነጠቀ ተከራክራ ትገዛለች፤ የቤተሰቧንም እንጀራ በዚያው ምጣድ ትጋግራለች። ከሸክላ ሠሪዋ ቤት ቡና ለመጠጣት ግን የምታመነታ አለች፤ ሕፃኗን ስታጠባም ፊቱን በነጠላዋ የምትሸፍን አለች፤ ምክንያቱም ሙያተኛ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊትም ጅብ ይሆናል የሚለው የቡዳ እምነት ገና አልጠፋም። ሕፃን ሲያስመልሰው "ቡዳ በላው" ተብሎ ጭስ እየታጠነ ሐኪም ቤት ሳይደርስ መዘግየቱ ከጉዳቶቹ ሁሉ የከፋው ነው።

በባጃጅ፣ በካፌና በዩኒቨርሲቲ ግቢ የማንንም የአያት ሙያ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው የሚነሣው ሽማግሌ ሲላክ ነው፤ ያን ጊዜ የልጅቷ ዘመዶች "አጥንቱ ከወዴት ነው?" ብለው ወደ ወጣቱ የትውልድ መንደር ሰው ይልካሉ። የአያቱ ሙያ ቀጥቃጭነት ሆኖ ከተገኘ እውነተኛው ምክንያት ፊት ለፊት አይነገርም፤ ሽማግሌዎቹ "ልጅቷ ገና ትማራለች" ተብለው ይሸኛሉ።