«እስካሁን ምን ሆንን?»፦ ስለ አደጋ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው በሰሜን ሸዋ

ደብረ ብርሃንም ኑሩ መሐል ሜዳ፣ ሸዋሮቢትም ኑሩ ዓለም ከተማ፣ ስለ አደጋ የምንሳሳተው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ድምፅ ያለውን አደጋ እንፈራለን። አብሮን የሚያድረውን እንለምደዋለን። መሬት ትንሽ ከተነቃነቀች ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ይወጣል። ያው ሰፈር ማታ በሩን ዘግቶ ከሰል እየሞቀ ይተኛል። «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» የሚለው አባባል ለዚህ ጠባያችን ልክ ነው።

አደጋን ለመመዘን ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ምን ያህል ጊዜ ያጋጥማል? ካጋጠመ ምን ያህል ይጎዳል? እኔና ቤተሰቤስ ምን ያህል ተጋልጠናል? ብዙዎቻችን አንዱን ብቻ ጠይቀን እንወስናለን። ከታች ያሉት አባባሎች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚያ ነው።

«ጭሱ ከወጣ በኋላ ከሰል አይጎዳም»

ይህን ያስቀደምኩት ሰው ስለሚገድል ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት ወዲያ ሌሊቱ ውርጭ ነው። የኪራይ ክፍሎቻችንን ታውቋቸዋላችሁ። አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ ከላይ የማዳበሪያ ኮርኒስ። ብርድ እንዳይገባ በበሩ ሥር ጨርቅ ይወተፋል። ማታ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል። የተረፈው ፍም «ቤቱን ያሙቅልን» ተብሎ አመድ ለብሶ እዚያው ያድራል።

ሰው የሚፈራው ከሰሉ ሲቀጣጠል የሚወጣውን ጭስ ነው። ስለዚህ ደጅ አያይዞት ፍሙ ሲቀላ ያስገባዋል። ጥንቃቄው ጥሩ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። የቀላ ፍምም፣ አመድ የለበሰ ፍምም ያወጣዋል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል።

«ካመመኝ ተነስቼ በሩን እከፍታለሁ» የሚል አለ። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው፤ ጉንፋን ይመስላል። የተኛ ሰው ጭራሽ ላይሰማው ይችላል። የነቃውም ጉልበቱ ይከዳውና በሩ ሁለት እርምጃ ላይ ሆኖ መድረስ ያቅተዋል። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ደጅ ሲወጡ ደግሞ ከቀለላቸው፣ ጥርጣሬያችሁ መጀመሪያ ከሰሉ ላይ ይሁን። ፍሙ አጠገብ ውሃ ማስቀመጥ ጋዙን አያስቀረውም። ለተጎዳው ወተት ወይም ሎሚ ማጠጣትም አያድነውም፤ ራሱን የሳተን ሰው እንዲያውም ሊያንቀው ይችላል። በሩን ከፍታችሁ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። ከዚያ ኦክስጅን ወደሚሰጥበት ሐኪም ቤት በቶሎ አድርሱት።

«ስንት ዓመት አድርገነዋል፣ እስካሁን ምን ሆንን?» የሚለው መከራከሪያ ግን ከሁሉም ይከብዳል። ምክንያቱም እውነት ይመስላል። ያልተረፉት ቡና ላይ ተቀምጠው አይመሰክሩም። የተረፍነው ብቻ ነን የምናወራው። ደግሞም ክፍሉ ያው አይደለም። አምና ነፋስ ያስገባ የነበረው ቀዳዳ ዘንድሮ ተወትፏል፤ ኮርኒሱ ታድሷል፤ ከሰሉ በዝቷል። ፍሙን ደጅ አውጥቶ፣ ብርድ ልብስ ደርቦ መተኛት ነው መፍትሔው። ለተማሪ ወይም ለፋብሪካ ሠራተኛ ክፍል የሚያከራዩ እናቶችና አባቶች ይህን ለተከራያቸው የመጀመሪያ ቀን ቢነግሩት ትልቅ ነገር አደረጉ።

«ጓያ የሚያሽመደምደው እንፋሎቱ ነው»

ሌላው ደግሞ «ገለባው ላይ የተኛ ነው» ይላል። «በማሳው መሐል ያለፈ ነው» የሚልም አለ። እነዚህን ከታላላቆቻችን ሰምተን ነው ያደግነው። ሲጠና ግን ጥፋቱ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። ጓያ ነርቭ የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለው፤ ጉዳቱ የሚመጣው በመብላት ነው። ያውም በአንድ ቀን መብላት አይደለም። ጓያ ለሁለትና ለሦስት ወር ያህል የቤቱ ዋና ምግብ ሲሆን ነው እግር የሚሸመደመደው።

ይህ ልዩነት ብዙ ነገር ይለውጣል። እንፋሎቱን የሚፈራ ሰው ድስቱን ከድኖ ይቀቅላል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ከዚያ ያንኑ ጓያ በልቶ ይጠግባል። በሌላ በኩል ሽሮው ውስጥ ትንሽ ጓያ ገባ ብሎ የሚደነግጥም አለ። እሱም ያለ ልክ ፈርቷል። መርዝነቱ በመጠኑና በቆይታው ነው።

አደገኛው ጊዜ የድርቅ ዓመት ነው። ጓያ ጠንካራ ነው፤ ዝናብ ሲያጥርም፣ ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲቋጥርም ይበቅላል። ጤፉና ስንዴው ሲከዳ እሱ ይቀራል። ያኔ የሌለው ሰው ጠዋትም ማታም ጓያ ይበላል። ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዱት ጉልበት ሥራ ላይ ያሉ ወጣት ወንዶች ናቸው። እግሩ አንዴ ከተሸመደመደ አይመለስም፤ ሰውየው ቀሪ ዘመኑን በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር ማደባለቅ ጉዳቱን ይቀንሳል። ጭራሽ አያጠፋውም። «እግሬ ከበደኝ፣ ጅማቴ ተኮማተረ» የሚል ሰው ከተገኘ ጓያውን በዚያው ቀን ይተው። የወረዳ ኃላፊዎችም መኸሩ ሲበላሽ እያዩ ሰው እስኪሸመደመድ መጠበቅ የለባቸውም። ሌላ እህል ቀድሞ ማድረስ የአደጋ መከላከል ሥራ ነው፤ ምጽዋት አይደለም።

«ውሻው የጎረቤት ነው፤ ትንሽ ነው የጫረኝ»

እዚህ ላይ የተረሳው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፦ ካጋጠመ ምን ያህል ይጎዳል? የነከሰው ውሻ እብድ የመሆኑ እድል ትንሽ ሊሆን ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል። እድሉ ትንሽ፣ ጉዳቱ ሞት። እንዲህ ያለው ነገር «እስኪ እንየው» አይባልበትም።

ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ለይስሙላ ረጨት ረጨት ማድረግ አይበቃም። በርበሬ፣ ቅጠል፣ አመድ አትደፍድፉበት። ከዚያ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም። ውሻውን ማወቅና 10 ቀን መከታተል ይጠቅማል፤ ክትባቱን ግን እሱን ጠብቃችሁ አታዘግዩ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። «ሳምንት አለፈው፣ ድኗል» የሚባለው በዚህ ምክንያት ትልቅ ስህተት ነው። ንክሻው ጭንቅላት ወይም አንገት ላይ ከሆነ ጊዜው ያጥራል፤ ልጆች ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚነከሱት እዚያ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸሸው «ሆድ ላይ በየቀኑ መርፌ» የሚለውን ስለሚያስታውስ ነው። ያ የድሮው ክትባት ነው። አዲሱ ክንድ ላይ ይሰጣል፤ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ክትባቱ ሁሉም ጤና ጣቢያ ላይኖር ይችላል። የት እንዳለ ዛሬ፣ ማንም ሳይነከስ፣ ጠይቃችሁ ያዙ።

«መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ»

ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። በመሐሉ ያለው ቁልቁለት ነው። ጣልያን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን ሲወርድ ጭነት መኪና ፍሬኑን እየረገጠ ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፤ የሚቃጠል ሽታ ታክሲ ውስጥ ላለ ተሳፋሪ እንኳን ይደርሳል። የጋለ ፍሬን መያዝ ያቆማል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን እንዳይዝ ያደርገዋል። ዳገቱን የሚወጣበትን ከባድ ማርሽ አስገብቶ መውረድ ነው ደንቡ። መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር ኩርባውን ያውቃል። ከጉሙ ውስጥ የቆመውን መኪና፣ ዛሬ ጠዋት የወደቀውን ድንጋይ ግን ማንም አያውቀውም። ተሳፋሪም «ወንድሜ፣ ቀስ በል» ማለት መብቱ ነው፤ ሹፌሩም ይህን እንደ ንቀት አይቁጠረው።

«ወባ የቆላ ሰው በሽታ ነው»

ትንኟ ደብረ ብርሃን አትኖርም፤ በሽታው ግን አውቶቡስ ይሳፈራል። ከመንዝና ከጠራ ለማሾና ለሽንኩርት ሥራ ወደ ቀወት የሚወርድ ወጣት ሰውነቱ ወባን አያውቃትም። ለዚህ ነው ከቆላው ሰው ይልቅ ደገኛው የሚጠናበት። ትኩሳቱ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ አንደኛው የወባ ዓይነት እንዲያውም ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ያገረሻል። ስለዚህ ደጋ ላይ ሲታመሙ ለሐኪሙ «ቆላ ነበርኩ» ማለት አይረሳ። በትኩሳቱ የመጀመሪያ ቀን መመርመር ነው ዋናው። ከበቆሎ እሸትና ከሸንኮራ ወባ አይያዝም፤ እሸቱ ሲደርስ ትንኟም ስለምትበዛ ነው የሚመስለን።

«ነገ ማታ ትልቁ መንቀጥቀጥ ይመጣል»

በ2017 የፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ እኛም ጋ ተሰማ፤ በየካቲት የደረሰው 6.0 ተለክቷል። ያን ሰሞን ቀንና ሰዓት የቆረጡ መልእክቶች በቴሌግራም ሲዞሩ ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚናገር ሳይንስ የለም። ሰዓት የሚጠቅስ መልእክት ከመጣላችሁ ውሸት ነው፤ አታጋሩት።

ይህ ማለት ግን ስጋት የለም ማለት አይደለም። በ1953 ካራቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች፤ ካራቆሬም ብዙ ቤት ወድቋል። ሁለቱም የኛው የሰሜን ሸዋ ከተሞች ናቸው። ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው የምንኖረው። ስለዚህ ሥራው ሰዓት መጠበቅ ሳይሆን ቤት ማጥበቅ ነው። በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ፣ አልጋ ራስጌ የተሰቀለ ከባድ ዕቃ፣ ያልታሰረ ቁም ሳጥን፤ እነዚህ ዛሬ የሚስተካከሉ ናቸው። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ወደ ደረጃ አይሩጥ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራሱን ይሸፍን። ደካማ የጭቃ ቤት ውስጥ በር አጠገብ ያለ ግን ቶሎ ወጥቶ ከግድግዳ ይራቅ።

ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ምልክት የሚሰጠው የመሬት መንሸራተት ነው። በ1998 መግቢያ ደብረ ሲና አካባቢ ይዛባ ላይ የተንሸራተተው መሬት ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ክረምቱ ሲከብድ ተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያጋደለ ዛፍ፣ ያልነበረ ምንጭ ካያችሁ ሌሊቱን እዚያ አትደሩ፤ ለቀበሌም አሳውቁ።

«ሄልሜት ከተሰጠ ሠራተኛው ተጠብቋል»

ሄልሜትና ጓንት የመጨረሻው መከላከያ ናቸው። መጀመሪያ አደገኛውን ነገር ማስወገድ፣ ካልተቻለ ማሽኑን መከለል፣ ከዚያ የሥራውን አካሄድ ማስተካከል ይቀድማል። ክዳኑ የተነሳ ማሽን ፊት ጓንት አድርጎ መቆም እጅን አያተርፍም፤ ጓንቱ ሊይዝና ሊጎትትም ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሥራ ቦታን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ አሠሪው ላይ ይጥላል። ሠራተኛውም መመሪያውን ማክበር አለበት። «እሱ ራሱ ቸልተኛ ነው» ብሎ ፋይል መዝጋት ግን ማሽኑን አይጠግነውም።

«ጸበል ላይ ሆኖ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው»

ይህን በአክብሮት ነው የማነሳው። ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ከመላው አገር ሕዝብ የሚመጣባቸው የኛ ቦታዎች ናቸው። እናቶቻችን እዚያ ተፈውሰው መጥተዋል። ነገር ግን አንዳንድ ጸበልተኛ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒቱን «ሱባኤ ስለገባሁ» ብሎ ያቋርጣል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አላዘዘችም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲሄዱ በይፋ አስተምረዋል።

የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ይወስዳል። ከአንድ ወር በኋላ ሳሉ ሲቆም ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ ተህዋሲው ግን ገና አለ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ የተረፈው ይለምደዋል፤ ያኔ ሕክምናው ይረዝማል፣ ይከብዳልም። ደግሞ ጸበልተኛ በአንድ አዳራሽ ተጠጋግቶ ነው የሚያድረው። የአንዱ ሳል የጎኑ ሰው አደጋ ነው። እዚህ ላይ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማን ተጋልጧል የሚለው፣ ከራስ ያልፋል።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የምትቆዩበትን ጊዜ ለጤና ጣቢያው ንገሩ፤ የሚበቃ መድኃኒት ወይም እዚያው አካባቢ የምትቀጥሉበትን የዝውውር ወረቀት ያዙ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው አክታውን ይመርመር። በመንግሥት ጤና ተቋም የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በነጻ ነው። በየጸበል ቦታው የምታገለግሉ አባቶችና እናቶች፣ ከጥምቀቱ በፊት «መድኃኒታችሁን ወስዳችኋል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከማናችንም ቃል በላይ የናንተ ይሰማል። ማደሪያ አዳራሹንም ሌሊት መስኮቱን ክፈቱት።