«ዲኦ» ሐኪም ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄው እዚህ ግሩፕ ላይ ስለተደጋገመ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። አሜሪካ ውስጥ ከስሙ ጎን «ኤምዲ» (MD፣ የሕክምና ዶክተር) ሳይሆን «ዲኦ» (DO፣ የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ዶክተር) የተጻፈለት ሰው ሙሉ ሐኪም ነው። 4 ዓመት ሕክምና ይማራል፤ ከዚያ እንደ ኤምዲው ሬዚደንሲ (ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚወሰድ የሙያ ሥልጠና) ይገባል። በ50ዎቹም ግዛቶች ፈቃድ አውጥቶ መድኃኒት ማዘዝም ሆነ ቀዶ ጥገና መሥራት ይችላል። ልዩነቱ ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጅ መርምሮ ማከምን በተጨማሪ መማሩ ነው።

ለምሳሌ እናታችሁ ለደም ግፊት ዲኦ ዘንድ ቢሄዱ፣ እንደማንኛውም ሐኪም ለክቶ መድኃኒት ያዝዝላቸዋል። በማዕረጉ ስም አትደንግጡ! በእጅ ማከሙን ግን አንዳንዱ ያዘወትረዋል፣ ሌላው ጭራሽ አይጠቀምበትም።

አገር ሲቀየር ነው ነገሩ የሚለየው። እንግሊዝ ውስጥ «ኦስቲዮፓት» በሕግ የተመዘገበ የእጅ ሕክምና ባለሙያ ነው። በዚያ ማዕረግ ብቻ ግን ሐኪም አይባልም።